ዙቤይዳ ያነበበችው

በርገን፣ ኖርዌይ
ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር አብዱልሃዲ
ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱ። ጋሼ፣ እንዴት ሰንብተዋል? እትዬ ዙቤይዳስ እንዴት ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆታችሁና ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። አዛውንቶች የማስታምምበት ሥራ እንዳለ ነው፤ አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ አጥቤ አለብሳለሁ፣ ሲመሽ እኔም የሚያነሣኝ ሰው ያምረኛል። ዝናቡም አያባራም። የጅማን ሐምሌ ዓመቱን ሙሉ ያኖሩት ይመስላል፤ የጎደለው ጭቃው ብቻ ነው።

ዓይንዎን የሞራ ግርዶሽ እንደያዘው የጎረቤታችሁ ልጅ ፈትያ ስትነግረኝ በጣም አዘንኩ። አላህ ያሽርዎ። በዚህ ሰዓት ንባብ መጠየቅ ድፍረት መሆኑ አይጠፋኝም፤ ግን ከእርስዎ ሌላ የማሳየው ሰው የለኝም። ስድስት ዓመት የደከምኩበት ልብ ወለድ አለቀ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ አይቶት፣ አንጋፋ መምህር መግቢያ ከጻፈልሽ በሚቀጥለው ዓመት አሳትመዋለሁ ብሎኛል።

ታሪኩ የትዳር ነው። መሪማ የምትባል የገበሬ ልጅ ኑሪ የሚባል የቡና ነጋዴ አግብታ ሠላሳ ዓመት ስትኖር፣ ተስፋዋ እንዴት ቀስ እያለ እንደሚደርቅ ነው የሚያወራው። ዱላ የለበትም፣ ሌላ ሴት የለችበትም። ሁሉንም በምሳሌ ለማሳየት ነው የሞከርኩት፤ እናቴ ሞታ እናንተ ቤት አራት ዓመት ስቀመጥ እርስዎ እንዳስተማሩኝ። ኑሪ ግን እርስዎ እንዳይደሉ አስቀድሜ ልንገርዎ። ኑሪ መጽሐፍ የማይነካ ሰው ነው።

ፈትያ አትማ ታመጣልዎታለች፤ እትዬ ዙቤይዳ ያንብቡልዎት። ምርቃትዎ አይለየኝ።

የእህትዎ ልጅ ሩፈይዳ


ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፈይዳ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅሽ፣ ጉልበትሽንም ያጽናልሽ። እኛ ዓይኔን ካልቆጠርነው ደህና ነን። የእጅ ጽሑፉ ተለውጦ ስታዪ እንዳትደነግጪ፤ የምናገረው እኔ ነኝ፣ የምትጽፈው ዙቤይዳ ናት። ፈትያ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። በስልክ አውራ ትለኛለች እንጂ ሰው ስልክ ላይ ቸኩሎ ያልሆነ ነገር ይናገራል፤ ደብዳቤ ይሻለኛል።

መጽሐፍሽንም የምታነብልኝ ዙቤይዳ ናት፤ ከዓስር ሰላት በኋላ በረንዳው ላይ፣ መግሪብ እስኪደርስ። አራት ነጥብ አታከብርም። አንዱን ዓረፍተ ነገር ከሌላው ጋር ትደርበዋለች። ከስምንተኛ ክፍል የቀረ ትምህርት ነውና አልፈርድባትም። ይህንንም ጻፊው ብያታለሁ፣ ጽፋዋለች።

ሦስት ምዕራፍ ሰማሁ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይላሉ፤ ጠጁን ለጠጪዎቹ ትተን ምሳሌውን እንያዝ። ክፍል ውስጥ የነገርኳችሁን አልረሳሽም። ሰውን ማወቅ ስትፈልጊ ያለውን ተዪውና ምንን ከምን ጋር እንደሚያመሳስል ስሚ። ነጋዴ በሚዛን ያስባል፣ ገበሬ በዝናብ ያስባል። ኑሪ ለእጮኛው «እኔ ዋንዛ ነኝ፣ አንቺ ቡና ነሽ፤ ከጥላዬ ሥር ታምሪያለሽ» ማለቱን ወድጄዋለሁ። ሰውዬው አሳቢ መሆኑም፣ ትንሽ ጉራ ያለበት መሆኑም በዚያች አንድ ንግግር ታወቀ።

ከሁሉ የበለጠ የወደድኩት ግን የሠርጉን ቀን ዝናብ ነው። ኑሪ ጃንጥላውን ወደ መሪማ አዘንብሎ የራሱ ትከሻ ሲርስ፣ «ባል እንዲህ ነው!» ብዬ ዙቤይዳን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። እሷን ከአጋሮ ይዤ ስመጣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ዝናብ ነበር፣ ጃንጥላም ነበረኝ። ዙቤይዳ ምስክር ናት።

እንዲህ ያለ ባል ይዛ መሪማ በኋላ ምን እንደሚጎድላት እንጃ። እስቲ እንሰማለን። መጽሐፉን ሰምቼ ሳልጨርስ መግቢያውን አልጀምርም። እዚያ አገር ፊደል የሚያጎላ መስታወት አይጠፋም ይባላል፤ ብታገኚ ላኪልኝ። በሰው አፍ ማንበብ በሰው እጅ እንደ መጉረስ ነው፤ ያጠግባል፣ ግን ያሳፍራል።

አጎትሽ አብዱልሃዲ


በርገን
የካቲት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ኩሽና ገብቼ ቆሜ አነበብኩት። ኑሪን ስለወደዱት ደስ ብሎኛል። ትንሽም ገርሞኛል፤ ግን ይቀጥሉ፣ ሲጨርሱ እንነጋገራለን። ማጉያ መስታወቱን ገዝቻለሁ፤ ወደ አገር የሚገባ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ዓይንዎን ለሐኪም ማሳየቱን ግን አይተዉት፤ ሞራ በቀላሉ ይገፈፋል ይላሉ እዚህ።

መልካም ረመዳን ይሁንላችሁ።

ልጅዎ ሩፈይዳ

(በተለየ ወረቀት)

እትዬ ዙቤይዳ፣ ይህችን ለብቻዎ ያንብቧት፤ ጮክ አይበሉ።

ያ ጃንጥላ የእኔ አይደለም። እኔ የጻፍኩት፣ ኑሪ ጃንጥላውን ለራሱ ያዘ፣ የመሪማ አዲስ ቀሚስ እስከ ጉልበቷ ራሰ የሚል ነው። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ አለ። በስህተት ነው እንዳልል ዓይንዎ ደህና ነው፣ ንባብዎንም አውቀዋለሁ። አልተቆጣሁም። ብቻ ለምን እንደሆነ ይንገሩኝ።


ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፈይዳ

አሰላሙ ዓለይኩም። ዒድን በደህና ዋልን። የዘገየነው በጾሙ ነው፤ በረመዳን ልብ ወለድ ይቅር ብዬ ነበር። ዒዱ ባለፈ በማግስቱ ዙቤይዳ ራሷ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። እንዲህ መጽሐፍ ወዳድ መሆኗን አላውቅም ነበር።

አሁን ምዕራፍ ሰባት ላይ ነን፤ እኔም ቅሬታ አለኝ። መሪማ ከጎረቤቷ ጋር ስታወራ «ጥላ ሲከብድበት ቡና ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ ሰው አረንጓዴነቴን አይቶ ደህና ናት ይላል» ትላለች። ይሄ የግብርና ስህተት ነው ብዬ ተነሣሁ። ቡና ጥላ ይወዳል፤ ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። እንደ አጋጣሚ የዙቤይዳ ወንድም ሬድዋን ከአጋሮ ለዒድ መጥቶ ነበርና ጠየቅኩት። ዕድሜውን ሙሉ ቡና ውስጥ የኖረ ሰው ነው። «ዱጉማ መምህር፣ እውነቷን ነው! ዋንዛው ካልተመለመለ ቡናው ያምራል እንጂ አይሰጥም» አለኝ። አርባ ዓመት ከቡና መሀል ኖሬ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ። ምሳሌው ትክክል ነው፤ እርማቴን አንሥቻለሁ። ነገር ግን ኑሪን ምን አደረገ ተብሎ ነው እንዲህ የሚባለው? ጥላ ከመሆን ሌላ ጥፋቱ አልታየኝም።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ይብሳል። ኑሪ መጽሐፍ የማይነካ ነጋዴ ነው ብለሽኝ ነበር። በስድስተኛው ምዕራፍ በድንገት የመጻሕፍት ቁም ሣጥን አወጣሽለት፤ ቁልፉን በደረት ኪሱ ይይዛል፤ መሪማ መጽሐፍ ስትጠይቀው «የትኛውን? ለምን?» ይላታል። ትናንት ሚዛን ላይ የነበረ ሰው ዛሬ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ አይሆንም። ይህን ፈተና ላይ ቢያመጡልኝ በቀይ አሰምርበት ነበር። ደግሞም ቁልፍ መያዝ ብቻውን የሰው ክፋት አያሳይም። እኔም ቁልፍ አለኝ፤ የምቆልፈው መጽሐፍ ስለሚጠፋ ነው። ከዚህ ቤት ስንት መጽሐፍ ወጥቶ እንደቀረ አንቺም ታውቂያለሽ።

አስቢበት። ዓይኔ ብሶበታል፤ አሁን ሰውም ጥላ ጥላ ይመስለኛል።

አጎትሽ አብዱልሃዲ

ሩፉ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው። እሱ ሰላት ላይ ነው።

ማሎ፣ እባክሽ አትቀየሚኝ። ጃንጥላውን ያዘነበልኩት እኔ ነኝ። እንዳይከፋውና ንባቡን አቁሚ እንዳይለኝ ብዬ ነው። እኔ ስናገር ሳያርመኝ የሚሰማኝ ከዓስር እስከ መግሪብ ብቻ ነው፤ በሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ተሰምቼ አላውቅም። ቀረብኝ ማለት አልፈለግኩም። ከዚያ «እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ ዙቤይዳ ምስክር ናት» አለና ጻፊው አለኝ። ጻፍኩት። ልቤ ግን አዘነ። ውሸታም ሆኖ አይደለም እኮ፤ እውነቱ ነው፣ እንደዚያ ነው የሚያስታውሰው።

ከዚያ ወዲህ አንቺ የጻፍሽውን አነብና መሀል ላይ የራሴን እጨምራለሁ። ቁልፉም የእኔ ነው፣ ቅጠሉም የእኔ ነው። ስምንተኛን ጨርሼ ሲያገባኝ «አሥራ ሁለተኛን ታጠናቅቂያለሽ» ብሎ አባቴ ፊት ተናግሯል። የጅማን ልጅ ሁሉ አስተማረ። እኔን ነገ ነገ ሲል ልጅ አልመጣም፣ ትምህርቱም አልመጣም፣ እኔም ማስታወስ ተውኩ። መጽሐፍሽን አበላሽቼ ከሆነ ንገሪኝ፣ አቆማለሁ።


በርገን
ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። ስለ ቁም ሣጥኑ ያሉት ትክክል ነው፤ ነጋዴ ላይ አይሄድም። ግን እንዲቆይ እፈልጋለሁ። እስከ መጨረሻው ሰምተው ይፍረዱ። ማጉያው በአንድ የሰቃ ልጅ እጅ መጥቷል፤ ፈትያ ትቀበለዋለች።

እኔ ደክሞኛል ጋሼ። ትናንት አንዲት አሮጊት ሳለብሳት እጄን ይዛ በቋንቋዋ ረጅም ነገር ነገረችኝ፤ ግማሹን አልሰማሁትም፣ ብቻ ራሴን ነቀነቅኩ። ሄጄ ስተኛ፣ ስንት ሰው ፊቴ ሲናገር ራሴን ነቅንቄ እንዳለፍኩ አሰብኩ።

ልጅዎ ሩፈይዳ

(በተለየ ወረቀት)

እትዬ፣ አያቁሙ።

ስለ ቅጠሉ ያነበቡለትን ደብዳቤው ላይ ሳየው ቀናሁ። ጋሼ ሰው በምሳሌው ይታወቃል ይሉን ነበር። እኔ ዋንዛና ቡናን የጻፍኩት ከመንገድ ላይ አይቼ ነው፤ መመልመሉን አላውቅም። እርስዎ ከአባትዎ ማሳ ነው ያመጡት። የእኔ መሪማ ታዝናለች፣ ታለቅሳለች፣ ግን ምን እንደተወሰደባት አታውቅም። የእርስዎዋ ታውቃለች።

አንድ ነገር ብቻ አለ። እነዚያን ዓመታት ቤታችሁ ውስጥ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ገልጠው የሚያዩት የቤት ሥራዬን ለመቆጣጠር ይመስለኝ ነበር። ለራስዎ እንደነበረ ያወቅኩት ደብዳቤዎን ሳነብ ነው። ይቅር ይበሉኝ።


ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሩፈይዳ

አሰላሙ ዓለይኩም። ሦስት ወር ስዘገይ ሞተ ብለሽ እንዳላሰብሽ ተስፋ አደርጋለሁ። አልሞትኩም፣ ተቆጥቼ ነው። ንባቡን ስድስት ሳምንት አስቁሜው ነበር። ማጉያ መስታወቱም መጣ፤ የሚያጎላው ጉሙን ነው እንጂ ፊደሉን አይደለም። ሌላ ሥራ ስለሌለኝ መልሼ ያዝኩት፤ አሁን አልቋል።

የማልወደውን ልንገርሽ። አሥረኛው ምዕራፍ ላይ መሪማ የሠርጓን ቀን መልሳ ታስታውሳለች፤ ጃንጥላው ግን ሌላ ጃንጥላ ሆኗል። ቡና ጭኖ በሚሄድ ኤንትሬ መኪና ላይ፣ ከኋላ ከጆንያው ጋር ተቀምጠዋል። ዝናቡ ሲመጣ ሙሽራው ጃንጥላውን ዘርግቶ የመጻሕፍቱን ካርቶን ሸፈነበት። እሷ ሻርፕዋን ጨምቃ መልሳ ለበሰችው። «መጽሐፍ ከራሰ አይመለስም» አላት። እሷም ያን ጊዜ ሳቀች፤ የተማረ ሰው እንዲህ ነው ብላ ተደሰተች።

ሩፈይዳ፣ ይህን ማን ነገረሽ? በሰባ ስምንት ዓ.ም. አንቺ አልተወለድሽም። በዚያ መኪና ኋላ እኔና ዙቤይዳ ብቻ ነበርን፤ ሾፌሩም ወደ ኋላ አላየም። ዙቤይዳን ብጠይቃት «ደራሲ ብዙ ያውቃል» አለችኝ።

እሺ፣ ካርቶኑ እውነት ነው። ረስቼው ነበር። ጃንጥላ መያዜን አስታውሳለሁ፤ ማን ላይ እንደያዝኩት ግን በሆነ ጊዜ ተለዋውጦብኛል። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከነዚያ መጻሕፍት ሌላ ሀብት አልነበረኝም። ሴት ልጅ ትደርቃለች፣ ወረቀት አይደርቅም ብዬ ነው። ይህን ስናገር ዙቤይዳ ጎንበስ ብላ ትጽፋለች፤ ምን መልክ እንዳላት አላይም።

መጨረሻውም አልተዋጠልኝም። የዓመቱ የመጨረሻ የቡና ጆንያ ሲጫን መሪማ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ወንድሟ ቤት ትሄዳለች፤ ኑሪም «መቼ ትመለሻለሽ?» ሲላት «ስማር» ትለዋለች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ? ጠብ ሳይኖር? ምን ጎደለባት? አንባቢው ለሰውዬው ያዝንለታል፤ እኔ አዝኜለታለሁ። እንዲህ ላለ መጽሐፍ መግቢያ አልጽፍም።

የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ይመጣሉ ተብሎ ለመስከረም ዘጠኝ ተመዝግቤያለሁ። ዱዓ አድርጊልኝ።

አብዱልሃዲ

ሩፉ፣ በአንቺ መጽሐፍ መሪማ አትሄድም። ቤቷ ቁጭ ብላ ዝናቡን ታያለች፤ እሱን አንብቤ አንድ ቀን ሙሉ ከፋኝ። ስለዚህ አስነሣኋት።

አንቺን አልዋሽሽም፣ እኔም ተነሥቻለሁ። ሞራው እስኪገፈፍ እቆያለሁ። ዓይኑ የጠፋ ባሏን ጥላ ሄደች አልባልም፣ ራሴም ለራሴ አልለውም። ሬድዋን ከማሳው አጠገብ ክፍል ሠርቶልኛል። አጋሮ የማታ ትምህርት አለ፣ ዘጠነኛ ክፍል እገባለሁ። በሃምሳ አራት ዓመቴ ከልጆች ጋር፤ ይሳቁ። እዚህ ለምን አትማሪም ትዪኝ ይሆናል። እዚህ ማታ ራት አለ፣ ከራት በኋላ እርማት አለ።

አልጠላውም። ደክሞኝ ነው።


በርገን
ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ዓይንዎን ይመልስልዎ፤ በየሰላቱ አልረሳዎትም። መግቢያውን አልጽፍም ማለትዎን ተቀብያለሁ። ካርቶኑን ማን ነገረሽ ብለው ጠይቀውኛል። ዓይንዎ ሲበራ መጽሐፉን ራስዎ ያንብቡት፤ መልሱን እዚያ ያገኙታል።

ሩፈይዳ

(በተለየ ወረቀት)

እትዬ፣ ከላይ ያለችውን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማንበብም መዝለልም በእጅዎ ነው። እኔ ከኋላዎ ሄጄ ለጋሼ አልነግራቸውም። ይሂዱም ይቅሩም ማለት አልችልም። ለሁለታችሁም ልጅ ነኝ፣ ሁለታችሁንም እፈራለሁ።


ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፈይዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱ። እጄ መጻፍ ስለረሳ ፊደሉ ቢያስቀይምሽ ታገሺኝ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ራሴ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። የቀኝ ዓይኔ በርቷል። አልሐምዱሊላህ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት የዙቤይዳን ፊት ነው። ፀጉሯ ከሻርፑ ሥር ነጭ ሆኗል፤ መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ዙቤይዳ ያቺን ዓረፍተ ነገርሽን አልዘለለችም። ነሐሴ ላይ በራሷ አፍ አነበበችልኝ፣ ከዚያም ደብዳቤውን አጥፋ ሻይ ልታፈላ ገባች። ስለዚህ ማየት እንደጀመርኩ፣ እሷ ገበያ ስትወጣ እየጠበቅኩ መጽሐፍሽን በአራት ቀን ጨረስኩት። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ጃንጥላውን አየሁት። ኑሪ ለራሱ ነው የያዘው። ቁልፉን ፈለግኩ፣ የለም። የቡናውን ቅጠል ፈለግኩ፣ የለም። ካርቶኑም፣ ኤንትሬውም፣ ወደ ወንድሟ ቤት መሄዱም የሉም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ። የአርባ ዓመት መምህር ነኝ፤ ተማሪዬ ፊቴ ተቀምጣ ድርሰት ስትደርስ ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ሰው በምሳሌው ይታወቃል እያልኩ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አስተምሬያለሁ፤ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ስትነግረኝ ግን ማን እንደሆነች አላወቅኩም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ያሳፍራል። ፊደሉ ገና ይደበዝዝብኛል ብዬ ዋሸኋት። መሪማ ሻንጣዋን ይዛ መሄዷን አልረሳሁማ። ፈራሁ። እንደገና ከመጀመሪያው አንብቢልኝ አልኳት፤ እሺ አለች። አሥራ አንድ ቀን አነበበችልኝ። መጀመሪያ ላይ ወረቀቱን ታያለች። ቆይታ ቀና ትልና ግቢውን እያየች ትቀጥላለች፤ ጣቷ አንድ ገጽ ላይ እንደተቀመጠ ነው፣ አትገልጠውም። አንድ ቀን መሪማ የእህቱን ልጅ ደብተር በድብቅ እያየች ሂሳብ ስትሠራ፣ ባልየው ገብቶ «ደብተሩን ወጥ እንዳታስነኪው» ሲላት አነበበች። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ደብተሩም የአንቺ ነበር። ዓይኔ ከማይገለጠው ገጽ ላይ ሳይነሣ እንባዬ መጣ፤ ብጠርገው እንደምታየኝ ባውቅም ጠረግኩት።

ንባቧን አቆመች። «ፊደሉን ታያለህ እንዴ?» አለችኝ።

«አያለሁ።»

«ከመቼ?»

«እንደገና ከጀመርሽው ቀን።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ተቆጥታ የምትጮህ መስሎኝ ነበር፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ጮሃ ባታውቅም ጠበቅኩ። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አለች።

«ብናገር ታቆሚያለሽ ብዬ።»

ቁልፉን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት። አላነሣችውም። «ዛሬ?» አለችኝ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለውን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ተንትኛለሁ መሰለሽ። ያን ዕለት ግን ተረቱን ትቼ፣ «መሪማ ከሄደች በኋላስ ምን ሆነች?» አልኳት። «እሱን ገና አላነበብኩትም» አለች። ማታ ቁልፉ ከጠረጴዛው ላይ አልነበረም፤ ጠዋት ቁም ሣጥኑ ሁለት በሩን ከፍቶ አየሁት። ሃያ ሦስት መጽሐፍ መርጣ ካርቶን ውስጥ ደርድራለች። የትኛውን፣ ለምን አላልኩም። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አላህ ያውቃል።

ያለፈው ቅዳሜ ወደ መናኸሪያ አደረስኳት። ሻንጣውን እኔ ያዝኩ፣ ካርቶኑን እሷ ያዘች፤ አልሰጥም አለች። የአጋሮው ሚኒባስ እስኪሞላ ውጭ ቆመን ሳለ ዝናብ መጣ፤ የጥቅምት ዝናብ፣ ማንም ያልጠበቀው። ጃንጥላዬን ዘርግቼ እሷ ላይ ያዝኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመት የዘገየ ቢሆንም ያዝኩት። ምን እንዳደረገች ልንገርሽ? «ካርቶኑን! ካርቶኑን! መጽሐፍ ከራሰ አይመለስም!» ብላ እጄን ይዛ ጃንጥላውን ወደ ካርቶኑ ጎተተችው። ተያየን። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ሰው ሁሉ እያየን ሁለት ሽማግሌዎች ዝናብ ላይ ቆመን ሳቅን፣ ሁለታችንም እስከ ውስጥ ልብሳችን ራስን። ከዚያ ረዳቱ «አጋሮ አንድ ሰው!» አለና ገባች።

መቼ ትመለሻለሽ አላልኳትም። መልሱን አውቀዋለሁ። ሬድዋን ደውሎ መጻሕፍቱ ሳይርሱ መድረሳቸውን፣ ሰኞ ማታም ክፍል መግባቷን ነግሮኛል። ቤቱ ጭር ብሏል። ከዓስር በኋላ በረንዳው ላይ እወጣለሁ፤ ዓይኔ ደህና ነው፣ መጽሐፍም ሞልቷል፣ ግን ራሴ ሳነበው አይጥመኝም። ሲያንሰኝ ነው ብዬ ተቀምጫለሁ።

ካሁን በኋላ ደብዳቤሽን ሁለት አድርገሽ ላኪው፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ወደ አጋሮ። ማጉያ መስታወቱን በሬድዋን እልክላታለሁ፤ ማታ ማታ ስታጠና ሳይጠቅማት አይቀርም።

ስለ መግቢያው ደግሞ፣ እኔ አልጽፍም ያልኩት እንደጸና ነው፤ ምክንያቱ ግን ተለውጧል። መጽሐፍሽን በደንብ ያነበበችው አንድ ሰው ናት። እሷን ጠይቂያት። ጽፋ ስትልክልሽም፣ አደራ፣ አራት ነጥብ ባታከብር አታርሚባት።

በገዛ እጄ የጻፍኩት
አጎትሽ አብዱልሃዲ